ጥሩምባ አፏን የዘጋችበት ጨዋታ

በሰፈሩ ኳስ ሜዳ ዳኛ ሲሳሳት ማንም ዘሎ አይሳደብም። መጀመሪያ ሁሉም ዞር ብሎ ልብስ ሰፊዋን ያያል። እሷም ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ትነሳለች፤ ቀሚሷን ታራግፋለች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ታስተካክላለች፤ ከዚያ ያን የተፈራ አፏን ትከፍተዋለች።

«ዳኛው ምን ሆነ?»

«መነጽሩን ረሳ!» ይላል ሜዳው በሙሉ።

«የት ነው የረሳው?»

«እናቱ ቤት!»

ይህ ሃያ ዓመት የኖረ ደንብ ነው። ከእሷ ቀድሞ የሚጮህ ሰው ቢኖር እንደ ባለጌ ነው የሚታየው። የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ «ጥሩምባ» ይላታል፤ አክባሪዎቿ ደግሞ «እትዬ ጥሩምባ» ይሏታል፣ ይህ ማክበር ከተባለ። እሷ አትቀየምም። አንድ ዳኛ በእረፍት ሰዓት በጓሮ በር ሾልኮ ሄዶ አልተመለሰም እየተባለ የሚወራው ግን ስም ማጥፋት ነው። ተመልሷል። የተመለሰው ፊሽካውን ሊያስረክብ ነው።

ነገሩ የተበላሸው የገዛ ልጇ ዳኛ እሆናለሁ ያለች ዕለት ነው።

ልጅቷ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች፣ ከሥራ በኋላ የዳኝነት ትምህርት ትማራለች። ከሦስት ወር በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነች። ፈተናው እንዲህ ነው፦ እጩዋ አንድ ሙሉ ጨዋታ ትዳኛለች፤ አንድ ገምጋሚ ደግሞ ዳር ተቀምጦ እያንዳንዱን ፊሽካ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። እንደ ዕድል ሆኖ የደረሳት ይኸው ሜዳ ነበር። ሰባ ደቂቃ አንድ እንከን ሳይወጣላት ሄደች። ከዚያ የሰፈሩ ቡድን ያገባውን ጎል «ከጨዋታ ውጪ» ብላ ሻረችው። ሜዳው ዞር ብሎ ጥሩምባን አየ። ጥሩምባም ተነሳች። አፏ ከጭንቅላቷ ቀደመ፤ ፊሽካው በማን እጅ እንዳለ ያስታወሰችው «እናቷ ቤት!» የሚለው መልስ ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ ነው። ልጅቷ የፊሽካዋን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች። ከዚያ ጎሉን አጸደቀችው።

ገምጋሚው አንዲት መስመር ጻፈ፤ «በተመልካች ጩኸት ውሳኔዋን ትለውጣለች።» ወደቀች።

ልጅቷ እቤት ገብታ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ እናትየውን የገደላት ይኸው ነው። ዕቃ ብትወረውር፣ በር ብታላጋ ይሻል ነበር። እራቷን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ «ደህና እደሪ እማዬ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ሦስት ወር ሙሉ የጥሩምባን አንጀት ሲበላ የከረመው ያ «ደህና እደሪ» ነው።

ፈተናው የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው የወደቀ ፊሽካውን ለልጅ መጫወቻ ቢሰጠው ይሻለዋል። ገምጋሚው ደግሞ ጭካኔው ይሁን ብልሃቱ አይታወቅም፣ «የወደቅሽበት ሜዳ ላይ ነው የምትፈተኚው» አላት። ያውም የሰፈሩ ቡድን ከድልድይ ማዶው ቡድን ጋር ለፍጻሜ ለማለፍ በሚገናኝበት ዕለት።

በዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ልጅቷ ጥቁር የዳኛ ልብሷን በፌስታል ይዛ ልብስ ስፌቱ ቤት መጣች። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ስፌት መኪናው፣ የመተኮሻው ጠረጴዛና ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጥሩምባ የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ እያሳጠረች ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ አትምጪ» አለች ልጅቷ።

«የት ነው የማልመጣው?»

«የት እንደሆነማ ታውቂያለሽ።»

ጥሩምባ ስፌት መኪናውን አቆመች። «ሃያ ዓመት አንድ ጨዋታ ሳልቀር፣ የገዛ ልጄ ፊሽካ ስትነፋ እዚህ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ልትከል? በሞቴ፣ ይሄ ፍርድ ነው?»

«አፍሽን አትችዪውማ።»

«እችለዋለሁ።»

«ባለፈውም እችለዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

 የጥሩምባ ዓይን በቤቱ ውስጥ ተንከራተተ፤ በመጨረሻ እስፒል የምትሰካበት ትንሽ ትራስ ላይ አረፈ። ደንበኛ ልብስ ሲለካ የሚጠብበትንና የሚያጥርበትን ቦታ ምልክት የምታደርገው በእስፒል ነው፤ እጇ ስለሚያዝ ደግሞ እስፒሎቹን በከንፈሯ ትይዛቸዋለች። ሰፈሩ ውስጥ ምስጢር ያለው ሰው ጥሩምባ ዘንድ የሚያወራው ያኔ ብቻ ነው። ሦስት እስፒል ነቀለች፣ በከንፈሮቿ መካከል ደረደረቻቸው፣ ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

ልጅቷ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። «ዘጠና ደቂቃ ሙሉ?»

ጥሩምባ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ካወጣሻቸውስ?»

ጥሩምባ እስፒሎቹን አወጣች። «ካወጣኋቸውማ አስወጪኝ! በደንቡ መሠረት፣ እንደ ማንም ሰው! እናቴ ናት ብለሽ ከማርሽኝ ልጄ አይደለሽም!» አለችና መልሳ ጎረሰቻቸው።

ልጅቷ የእናቷን ግንባር ስማ ሄደች።

ጨዋታው አስር ተኩል ላይ ተጀመረ። ሜዳው በሦስት በኩል ቆርቆሮ አጥር፣ በአንድ በኩል የጋራዥ ግንብ ነው፤ ሣሩ መሃል ላይ ካለቀ ቆይቷል። ጥሩምባ እንደ ልማዷ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ አጠገብ፣ ከኖራው መሥመር ሁለት እርምጃ ብቻ ራቅ ብላ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ባለ ሥጋ ቤቱ አለ፤ ሃያ ዓመት አብረው ተቀምጠዋል፣ አብረው አብደዋል፣ በዝናብ አንድ ፕላስቲክ ተጋርተዋል። ልጁ የሰፈሩ ቡድን ተከላካይ ነው፤ ትከሻው በር ስለሚሞላ «ግንቡ» ይሉታል።

«ምን ሆንሽ፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አላት ባለ ሥጋ ቤቱ።

ጥሩምባ ወደ ከንፈሯ ጠቆመች። ሰውየው ተጠግቶ አየ፤ እስፒሎቹን ሲያይ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«ሰዎች! ጥሩምባ ተደፍናለች!»

ዳር እስከ ዳር ሳቅ ሆነ። የዳር ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረው የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው ሳይቀር፣ እሷው በሰፋችለት ብርቱካንማ ሰደርያ ውስጥ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። ጥሩምባ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ዓይኗ ያለው ማዶ ነው፤ ገምጋሚው ታጣፊ ወንበሩ ላይ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሲታ ሰውዬ ነው። እንዲህ ያለው ከሲታ ሰው ምሕረት የለውም ብላ አሰበች።

ልጅቷ ግን፣ ኧረ ልጅቷ! ትሮጣለች፣ ቆም ትላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፤ አንዲት እርምጃ አይባክንባትም። የድልድይ ማዶው አምበል አፉን ከፍቶ ሲመጣባት ቢጫ ካርድ አውጥታ ዓይኑ ሥር አቆመችለት፤ አፉን ዘግቶ ተመለሰ። ጥሩምባ በውስጧ «እሰይ የኔ ልጅ!» ስትል እስፒሎቹ ተንቀጠቀጡ። የሰፈሩ ቡድን ቀድሞ አገባ። ሜዳው ሲፈነዳ ጥሩምባ ብቻዋን ዝም ብላ እጇን አጨበጨበች፤ ደስታን መዋጥ ቁጣን ከመዋጥ ይብስ ኖሯል። ከእረፍት በኋላ የድልድይ ማዶዎቹ አቻ አደረጉ። አንድ ለአንድ። የሰፈሩ ቡድን በነጥብ ስለሚበልጥ አቻ ከወጡ እሱ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰዓት ማየት ጀመረ።

ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የማዶዎቹ ዘጠኝ ቁጥር ኳሷን ይዞ ወደ ክልሉ ገባ። ልጁ ቀጭንና ፈጣን ነው። ግንቡ ከኋላው ነበር። ጥሩምባ እግራቸውን አላየችም፤ ድምፁን ነው የሰማችው። ጥርርር! ይህን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ይዛዋለች፤ ጨርቅ ሲቀደድ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። ዘጠኝ ቁጥር ወደቀ። ፊሽካው ጮኸ። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ቀጥ ያለ ክንዷን ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ዘረጋች።

ፔናልቲ። በሰፈሩ ቡድን ላይ።

 ጉድ ፈላ። ግንቡ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «አልነካሁትም! ራሱ ነው የወደቀው!» እያለ ይምላል። የሰፈሩ ተጫዋቾች ልጅቷን ከበቧት። ደጋፊው ግን ገና አልተሳደበም፤ ደንብ ደንብ ነውና ሁሉም በአንድነት ዞር ብሎ ጥሩምባን አየ።

«ተነሺ እንጂ!» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ። «እስፒልሽን ትፊው!»

ጥሩምባ አልተነሳችም።

«ልጄን እኮ ነው የከሰሰችው! ጥሩምባ!»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሰውየው ለአፍታ እንደማያውቃት ሰው አያት። ከዚያ ሃያ ዓመት የኖረውን ደንብ ጥሶ ራሱ ተነሳ፤ በዚያ ገጀራ በሚመስል ድምፁ ጀመረው።

«ዳኛዋ ምን ሆነች?»

«መነጽሯን ረሳች!»

«የት ነው የረሳችው?»

«እናቷ ቤት!»

አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አምስቴ። ቆርቆሮው አጥር በእርግጫ ይደበደባል። ይህን ግጥም የደረሰችው ጥሩምባ ናት፤ በሌላ ሰው አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው። ለካ እዚያ መሃል የቆመ ሰው ይህን ነው የሚሰማው። 

ከዚያ የፈራችውን አየች። ልጅቷ በተጫዋቾቹ መካከል ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የፊሽካዋን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። ፈታች። መልሳ ጠቀለለች። ማዶ ገምጋሚው ወረቀቱን ትቶ ቀና ብሎ እሷን እያየ ነው።

ልትለውጠው ነው! እናት የልጇን ጣት ታውቃለች።

ጥሩምባ እስፒሎቹን ከአፏ መንጭቃ አወጣች። ተነሳች። ቀሚሷን አላራገፈችም፣ ሜትሯን አላስተካከለችም።

«ምንም አልረሳችም!»

ቆርቆሮው ዝም አለ።

«እናቷ ቤት የቀረ ነገር የለም! እናቷ እኔ ነኝ፤ ቤቱን ፈትሼ፣ ቆልፌ ነው የመጣሁት! ዓይኗ ያለው እዚያው ፊቷ ላይ ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

«ዝም በል! ማሊያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ! የናንተንም የእነሱንም! ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት፤ እንዲህ ያለ ማሊያ ሰው ስለወደቀ አይቀደድም፣ ሰው ሲጎትተው ነው እንጂ! ሰምቼዋለሁ! ልጅህ ጎትቶታል! ግንቡ ጎትቶታል፣ እሱም ያውቀዋል! ዓይኑን እዩት!»

ግንቡ ወደ ጫማው አየ። ሰው ግን የግንቡን ዓይን የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። «ከዳተኛ!» የሚል ተነሳ፤ «የልጇ ጠበቃ!» የሚል ተከተለ፤ አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ በጆሮዋ አጠገብ አለፈ። ጥሩምባ ደሟ ፈልቶ ወደፊት ሄደች፤ ዘጠኝ ቁጥርን ትከሻውን ይዛ ለሁሉም ልታሳይ ነው። መሥመሩን ማለፏን አላወቀችውም። ኖራው ጫማዋ ላይ ነጭ ሆኖ ነው በኋላ ያየችው።

ፊሽካ ጮኸ። ረጅም ፊሽካ።

ልጅቷ ተጫዋቾቹን በክንዷ ገፋ አድርጋ ወጣችና ቀጥ ብላ ወደ እናቷ መጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«እናት» አለች፣ ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንደሚባለው። «ሜዳ ውስጥ ገብተዋል። ጨዋታ አቋርጠዋል። ይውጡ።»

ጥሩምባ የሰማችውን አላመነችም። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ በሕይወቷ እንዲህ አንሶ አያውቅም።

«ከግቢው ይውጡልኝ።»

ቅስሟ ስብር አለ። ይውጡልኝ! ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን በገዛ እጇ የሰፋችላት ልጅ! ክፉ ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሊወጣ ሲል ዓይኗ የልጅቷ እጅ ላይ አረፈ። ገመዱ ጣቷ ላይ የለም። ፊሽካው ደረቷ ላይ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።  የውሃ ፕላስቲክ ሲወረውር የነበረው ሰው ሌላውን ፕላስቲክ ቀስ አድርጎ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ባለ ሥጋ ቤቱ ቁጭ ብሏል። እናቷን ያባረረች ዳኛ ማንን ትምራለች?

ጥሩምባ ክፉውን ቃል ዋጠችው። ደረቷን ነፋች።

ጎሚስታው ጭንቅ ብሎት መጣ። «እትዬ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እባክዎ...»

«አትንካኝ! መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው» አለችው። በአቅራቢያዋ ያለውን ትንሽ በር ትታ በሜዳው ዙሪያ፣ በደጋፊው ሁሉ ፊት፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ወደ ዋናው በር ሄደች። ያፏጩባትን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። በገምጋሚው ፊት ስታልፍ አንገቷን ይበልጥ ቀና አደረገች። ከበሩ ወጥታ ጭብጧን ስትከፍት ሦስቱ እስፒሎች መዳፏን ወግተውት ደም ነጠብ ነጠብ ብሏል።

ከውጭ ሆና ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ አስጠጋች። ልጅቷ ፊሽካ ነፋች። የኳስ ምት። ከዚያ የሃያ ሰው ደስታ ብቻ ተሰማ፤ የማዶዎቹ ደጋፊዎች። ጎል ነው። የሰፈሩ ቡድን ከፍጻሜ ቀረ። ጥሩምባ አዘነች፤ ለምን ይዋሻል፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሃያ ዓመት የጮኸችለት ቡድን ነው። ግን ፔናልቲው ፔናልቲ ነበር።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፍቶ ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ከበሩ አልራቀችም። ተደብቃ እንድትሄድ የጠበቀ ካለ ሞኝ ነው። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ አለፈ፣ አንዳንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገ። ባለ ሥጋ ቤቱ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«በገዛ ልጅሽ ተባረርሽ!» አላት። «እሰይ!»

«አዎ፣ ተባረርኩ! አየሃት እንዴት እንዳባረረችኝ? ዓይኗን አላሸችም! አንተን ብትሆን በእግርህ አትወጣም ነበር!»

«ከዛሬ በኋላ አጠገቤ እንዳትቀመጪ።»

«ድንጋዩ የኔ ነው። የማይመችህ ተነሳ።»

ሰውየው ትቷት ሄደ። ከኋላው ግንቡ መጣ፤ ያ ሁሉ ትከሻ ታጥፎ ትንሽ ልጅ መስሏል። አባቱ ጥቂት እስኪርቅ ጠበቀና በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ጎትቼዋለሁ» አላት። «አውቃለሁ ልጄ» አለችው፤ «ለአባትህም ንገረው። አሁን ትኩስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሰማሃል።»

ቀጥሎ የመጣው ገምጋሚው ነው። ታጣፊ ወንበሩን በብብቱ ይዟል።

«ቅድም የተባረሩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ይሁን?»

«ዳኛዋን ያውቋታል?»

ጥሩምባ ልቧ ድንግጥ አለ። እናቷ ነኝ ካለች ሰውየው ተመካክረው የሠሩት ድራማ ነው ይላል፤ ልጅቷ ሁለተኛ ጊዜ በእሷ ምክንያት ልትወድቅ ነው። ስለዚህ ዓይኗን በጨው ታጠበች። «ከየት አባቴ አውቃታለሁ! ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ጎበዝ ናት ግን። እሱን ይጻፉት።»

«እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«‹እናቷ እኔ ነኝ› ሲሉ እኮ ማዶ ተቀምጬ ሰምቼዎታለሁ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎችም ሳይሰሙ አልቀሩም።»

ጥሩምባ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከሲታው ሰውዬ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

«ጨዋታው ሳይጀመር እሷ ራሷ መጥታ ነግራኛለች። ‹እናቴ ከተመልካቾቹ መሃል አለች፤ ከረበሸች አስወጣታለሁ፤ አስቀድመው ይመዝግቡልኝ› ነው ያለችኝ። መዝግቤያለሁ።»

«ሐቀኛ ናት» አለች ጥሩምባ ስትንተባተብ። «በአባቷ ወጥታ ነው።»

«ገመዱን ስትጠቀልል እኔም ፈርቼ ነበር» አለ ሰውየው። «ቅዳሜ ቢሮ መጥታ የዳኝነት መታወቂያዋን ትወስዳለች። ነግሬያታለሁ። የቀረኝ የተባረረው ሰው ሪፖርት ነው፤ እዚያ መኪናው ጋ ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

 ጥሩምባ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ሦስት ወር አንጀቷን ሲበላ የከረመው ነገር ሲለቃት እንባዋን እንደ ልጅ በእጅጌዋ ጠረገች።

ልጅቷ ስትወጣ መሸት ብሎ የጋራዡ መብራት በርቶ ነበር። በአንድ እጇ የሪፖርት ወረቀት፣ በሌላው ነጭ ማሊያ ይዛለች።

«ዘጠኝ ቁጥር ‹ይሰፋልኝ› ብሎ ነው» አለችና ሰጠቻት።

ጥሩምባ ማሊያውን ወደ መብራቱ አዞረችው፤ ትከሻውን በጣቷ ፈተሸችው። የተቀደደው ጨርቁ ነው። ሁለት ጊዜ የተመታው መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳለ አለ።

«አየሽ፣ ስፌቱማ ይዟል!» አለች።

«ይዟል» አለች ልጅቷ።  ከዚያ ልጅቷ በሩ አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «የታገደ ተመልካች... ሙያ፣ ልብስ ሰፊ። ጥፋት፣ ሜዳ ውስጥ መግባት። እማዬ፣ ሦስት ጨዋታ ታግደሻል።»

ሦስት ጨዋታ! ሦስት ሳምንት ያለ ኳስ! ጥሩምባ ዋጥ አደረገችው። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ዓይኗን አጠበበች።

«ደንቡ ስንት ነው የሚለው?»

«ከሦስት እስከ አምስት። እንደ ዳኛዋ።»

«አሃ! እናቷ ስለሆንኩ ዝቅተኛውን ሰጠሽኝ!»

«አይደለም። ስድብ አልተሳደብሽም፣ ሰው አልመታሽም። ሦስት የሚገባሽ ነው።»

«አምስት አድርጊው! ነገ ሰፈሩ አዳላች ይልሻል! አምስት!»

«ሦስት።»

«አምስት ብዬሻለሁ!» ጥሩምባ ያን አፏን ከፈተችው፤ መንገድ ላይ የነበሩት ቆመው ዞሩ፣ መኪናው ጋ የቆመው ገምጋሚ ቀና አለ፣ የጋራዡ ሰው ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «ዳኛዋ! አምስት ነው! አምስት!»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ ሦስት የሚለውን ቁጥር ደግማ አደመቀችው። ከሥሩ ፈረመች። ወረቀቱን አጠፈች።

«ብትጮሂም አልለውጠውም» አለች፤ ተነስታም ወደ ገምጋሚው ሄደች።